ከሐዋሳ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? እናቴን ይዤ ሄጄ የተማርኩት

እናቴን ይዤ አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናቶች አሉ። ዲቪ የደረሳቸው ባልና ሚስት አሉ። ለትምህርት የሚሄዱ ልጆችም አሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሐዋሳ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩም ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ቁጥር ጉዞ ካቀዳችሁ እኛ ላይ የደረሰው ይደርስባችኋል። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ልጻፈው፤ አንዲት እናት እንኳ ቦሌ በር ላይ ቆማ ከማልቀስ ብትድን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ከሐዋሳ እስከ ዋሽንግተን በአየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ርቀቱ 11,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ሲካፈል 13 ሰዓት ይመጣል። እህቴም ያየችው ይህንኑ ነው። «13 ሰዓት ነው እኮ፣ እማዬ ተኝታ ትደርሳለች» አለችኝ። እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ እየደረሰ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። እማዬ ጾሟንም፣ የደም ግፊት መድኃኒቷንም፣ የልጇን ሐሳብም ይዛ ነው የምትጓዘው።

ቲኬቱ በሁለት ተከፍሎ ተገዛ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን እህቴ እዚያው ሆና በኢንተርኔት ቆረጠች። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን ደግሞ እኔ ከአንድ የቲኬት ቢሮ ለብቻው ገዛሁ። የቢሮው ልጅ ሁለቱን ሰዓቶች አይቶ «ብዙ ትርፍ ሰዓት አላችሁ፣ አታስቡ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እውነትም ይመስላል። የሐዋሳው በረራ 15:00 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በረራው 45 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ስለዚህ 10 ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ነን። የዋሽንግተኑ የሚነሳው 22:30፣ ማለትም ማታ 4 ሰዓት ተኩል። ስድስት ሰዓት ከምናምን ትርፍ አለን። ማን ይጠረጥራል?

የዚያን ቀን ሐዋሳ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ደመናው ወርዶ የታቦር ተራራ አናት አይታይም። አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰን ስንጠብቅ በረራው ወደ 10 ሰዓት ተገፋ ተባለ። ቀጥሎ ወደ 11። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ መቁጠሪያዋን ይዛ ቁጭ ብላለች፣ አንድም ጊዜ አላማረረችም። እኔ ግን በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፣ እየተነሳሁ ጠይቄ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአየሩ ሁኔታ ምክንያት በረራው ተሰረዘ ተባለ። የአየር ጠባይ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ማታ 4 ሰዓት ተኩል የሚነሳ አውሮፕላን አለን፣ በመካከል ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር መንገድ።

ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ዝዋይ፣ መቂ፣ ሞጆ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሞያሌ መስመር ከባድ መኪና ሁሉ እዚያው ነው ያለው፣ ዝናቡ አላቋረጠም፣ መሽቷል። ሹፌሩ ጎበዝ ልጅ ነበር። «እናት አሳፍሬ አልበርም፣ በሰላም ላድርሳችሁ» አለ። ያኔ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን አመሰግነዋለሁ። ከሞጆ በኋላ በክፍያው መንገድ ትንሽ ፈጠንን። ቦሌ ስንደርስ ማታ 5 ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ ሄዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብንፈጥንና 4 ሰዓት ላይ ብንደርስ እንኳ አንገባም ነበር። ካውንተሩ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ብዙ ሰው ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት የመድረሻ ሰዓት አድርጎ ነው የሚያስበው። እሱ አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ለእናንተ በሩ የሚዘጋው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው።

ያን ለሊት ገርጂ አክስቴ ቤት አደርን። ቲኬቱን ለማዛወር ቅጣትና የዋጋ ልዩነት መክፈል ነበረብን፣ ቀጣዩም ክፍት ቦታ ቶሎ አልተገኘም። እዚያው አክስቴ ቤት እየጠበቅን ሳለ ነው እህቴ ምጥ የያዛት። ስልኩ ሲደወል ለሊት ነበር። እማዬ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ «ማርያም ማርያም» ስትል ነጋ። ሴት ልጅ ተወለደች፣ ተመስገን፣ ሁለቱም ደህና። እማዬ ዜናውን ሰምታ እልል ካለች በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና የተናገረችው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ገንፎዋን ማን ያገነፋላታል?» አለች። የ13 ሰዓቱ ሒሳብ ያስከፈለን ይህንን ነው። ገንዘቡስ ይመጣል።

ነገሩን ያስተካከለልን የአክስቴ ባል ነው። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነበር፣ ቦሌ ሰው ሲያደርስ ነው የኖረው። ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣና «ከሐዋሳ መነሻ አትጀምሪ። አውሮፕላኑ ከሚነሳበት ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ» አለኝ። አብረን ቆጠርን። አውሮፕላኑ የሚነሳው ማታ 4 ሰዓት ተኩል። ቦሌ መድረስ ያለብን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ሦስት ሰዓት ቀድመን፣ ማለትም ምሽት 1 ሰዓት ተኩል። በመኪና ከሐዋሳ 5 ሰዓት ያዙለት፣ ለጎማ፣ ለዝናብና ለአዲስ አበባ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህ በመኪና ለመሄድ የመጨረሻው የመነሻ ሰዓት ነው። የእኛ የሐዋሳ በረራ ደግሞ 9 ሰዓት ነበር! በረራው ቢሰረዝ መኪና እንደማያደርሰን ገና ቲኬቱን ስንገዛ የተወሰነ ነገር ነበር። ትርፍ ሰዓት ያልነው ሁሉ ሰማዩ ጥርት ካለ ብቻ የሚሠራ ነው።

እናንተም ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ። የሐዋሳ፣ የአርባ ምንጭ ወይም የጅማ በረራችሁ ከመጨረሻው የመኪና መነሻ ሰዓት በኋላ ከሆነ አትግዙት። ጠዋት ያለውን ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ነው፣ በተለይ በክረምት፣ በተለይ ከትልቅ ሰው ጋር። ለአንድ አዳር የሚወጣው ገንዘብ ከቲኬት ቅጣት ጋር አይወዳደርም።

ስለ ቲኬት ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሰው የሚጎዳው በብዛት እዚህ ጋ ነው።

አንደኛው፣ ከተቻለ ከሐዋሳ እስከ መጨረሻው መድረሻ በአንድ ቲኬት ይሁን። አንድ ቲኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ የመፈለጉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። የሐዋሳው ተሰርዞ የዋሽንግተኑ ቢያመልጣችሁ እንደ ራሳችሁ ጥፋት ነው የሚቆጠረው። እኛን ያስቀጣን ይኸው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሐዋሳ ጀምሮ በአንድ ቲኬት ከገዛችሁ በኋላ «ለምን አደጋ ውስጥ እገባለሁ፣ በመኪና ልሂድ» ብላችሁ የሐዋሳውን በረራ ዝም ብላችሁ አትተዉት። የመጀመሪያውን በረራ ሳይሳፈር የቀረ ሰው የቀሩት በረራዎቹ በሙሉ፣ የመመለሻው ጭምር፣ ሊሰረዙበት ይችላሉ። ሲስተሙ «አልመጣም» ብሎ ነው የሚይዘው። በመኪና መሄድ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ ወይም ቢሮ ሄዳችሁ ቲኬቱን አስተካክሉ፣ ማረጋገጫም ተቀበሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ የየአገሩ ሰዓት ነው። የእኛ ቲኬት መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 08:00 ይል ነበር። ጎረቤታችን እትዬ «ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነዋ!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። እንደዚያ አይደለም። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰባት ሲጨመር 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ትክክለኛው ይኸ ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም፤ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስትመለሱ ደግሞ መቀነስ ነው። ጠዋት 11:00 ከዚያ ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ከደረሰ፣ በወረቀት 20 ሰዓት ነው፣ 7 ሲቀነስ 13 ይቀራል።

ከእኩለ ለሊት በኋላ የሚነሱ በረራዎች ብዙ ሰው አስለቅሰዋል። የሰፈራችን ልጅ ወደ ጅዳ ሲሄድ ቲኬቱ ማክሰኞ 00:40 ይል ነበር። እሱ ማክሰኞን ቤቱ ዋለና ማታ ላይ ቦሌ ሄደ። አውሮፕላኑ የሄደው ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ማታ ሰው ከተኛ በኋላ፣ በእኛ ከለሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። የፈረንጆቹ ቀን የሚለወጠው እኩለ ለሊት ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ሲነጋ ነው ቀኑ የሚለወጥልን። ስለዚህ ቲኬት ላይ 00 ወይም 01 ብሎ የሚጀምር ሰዓት ካያችሁ ቦሌ የምትሄዱት በዋዜማው ምሽት ነው። ቀኑንም በዕለት ስም አረጋግጡ። ነሐሴ 8 በፈረንጅ ኦገስት 14 ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ደግሞ ወሩን አስቀድመው 8/14 ብለው ነው የሚጽፉት። በስልክ ስትነጋገሩ «ሐሙስ ማታ ነው አይደል?» ብላችሁ ጨርሱት።

ሁለተኛው ጉዟችን ፈጽሞ ሌላ ነበር። አክስቴ ቤት ስለነበርን የሐዋሳው ጭንቀት የለም። ለእማዬ ዊልቸር አስቀድመን አስመዘገብን። እማዬ መጀመሪያ «ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው?» ብላ ተቆጣች። እንደ በሽተኛ ማየታችን እንዳልሆነ ነገርኳት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ለአሜሪካ በረራ በሩ ላይ ተጨማሪ ፍተሻና ጥያቄ አለ። ዊልቸር ያዘዘ ሰው የሚመራው ሠራተኛ አብሮት ነው። ቋንቋ ለማይችሉና ብቻቸውን ለሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ አላየሁም። ቲኬት ሲቆረጥ ንገሩ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ነጻ ነው። የጾም ምግብም እንዲሁ ቀድሞ ይታዘዛል። እህቴ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ምግብ ስላስመዘገበችላት እማዬ ጾሟን ሳትፈታ በልታ ሄደች።

ሻንጣ ውስጥ እህቴን ብላ ያዘጋጀችው ቋንጣ ነበር፤ አክስቴ ቤት ቀረ። ሥጋና የሥጋ ውጤት፣ እንዲሁም ትኩስ ፍራፍሬ አሜሪካ ይዞ ለመግባት አትሞክሩ፣ ይወሰዳል፣ ካላስመዘገባችሁ ቅጣትም አለው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ የገንፎ ዱቄቱ በሰላም ገብቷል። የምግብ ነገር ይዛችኋል ወይ ሲሏችሁ «አዎ» በሉ። አዎ ማለት ችግር አያመጣም፣ መደበቅ ነው የሚያመጣው። መድኃኒት ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር። በመጀመሪያው ጉዞ የእማዬ የግፊት መድኃኒት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ያን ለሊት ገርጂ ሁሉን ዘርግፈን ነው ያገኘነው። የስልክ ፓወር ባንክም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ስለ በረራው ራሱ። «ለምን ቀጥታ አይሄድም?» ብላ እማዬም ጠይቃኛለች። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም እንደ ቆላው ጉልበት አያገኙም። ዋሽንግተን ድረስ የሚበቃ ነዳጅ፣ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መሀል ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል፤ እንደ ጊዜው ደብሊን ሊሆን ይችላል፣ ሎሜም ሊሆን ይችላል። የእኛ ደብሊን ነበር። እስከዚያ 8 ሰዓት ገደማ፣ ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሌላ 7 ሰዓት ተኩል። ካርታ ላይ ስታዩት ደብሊን በጣም ወደ ሰሜን የወጣ ይመስላል፣ ግን መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ራሱ በዚያው በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው። በደብሊን በኩል መሄድ ከቀጥታው የሚበልጠው በ300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እኛ ከአውሮፕላኑ አልወረድንም። ይህን አስቀድማችሁ ለእናቶቻችሁ ንገሩ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደረስን ብለው ተነስተው ዕቃቸውን ያወረዱ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፣ ገና ግማሽ መንገድ እንደቀራቸው ሲሰሙ ልባቸው ይወድቃል።

አየሩን አትፍሩት። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አገር ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ከፍ ትላለች። እኛ የለመድነው ነው። የሚያስቸግረው ድርቀቱና መቀመጡ ነው። እማዬ ሽንት ቤት መመላለስ አፍራ ውሃ አልጠጣም ብላ ነበር። ለምኜ አጠጣኋት፣ ወንበሯንም በኮሪደሩ በኩል አስደረግሁ። በየሁለት ሰዓቱ እጇን ይዤ አውሮፕላኑ ጫፍ ድረስ እንሄዳለን፣ ተቀምጣም ቁርጭምጭሚቷን ታዞራለች። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚያጠብቅ ካልሲ ያስፈልገው እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስድ። እኛ የጠየቅነው ሐኪም ለእማዬ በቀን አንዴ ለሚወሰደው ክኒን በኢትዮጵያ ሰዓት እንድትቀጥልና እዚያ ስትረጋጋ ቀስ በቀስ እንድታዛውረው ነገረን። ስለዚህ የእጅ ሰዓቷን አልነካነውም፣ ስልኩ ብቻ የዚያን አገር ሰዓት ይናገር። ኢንሱሊን ለሚወስዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በግምት አይሠራም።

ዋሽንግተን የምንለው አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ነው፣ ያለውም ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ነው። ካረፍን በኋላ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። የመጣችሁበትን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ፣ የት እንደምታርፉ ይጠይቃሉ። የምታርፉበትን አድራሻና ስልክ በወረቀት ያዙ፤ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ፣ ዴንቨር፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ሻንጣችሁን መጀመሪያ በገባችሁበት ከተማ ተቀብላችሁ በጉምሩክ ካለፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ትሰጣላችሁ፣ ፍተሻውንም እንደገና ታልፋላችሁ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ3 ሰዓት በታች ያለው ቲኬት ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

እህቴ ቤት ስንገባ በእነሱ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሐዋሳ ደግሞ መሽቶ 12 ሰዓት። አንድ ሰው ከሐዋሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ቢነሳና ምንም ባያደናቅፈው፣ ከበር እስከ በር 28 ወይም 29 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከታደረ ደግሞ ሁለት ቀን በሉት። እማዬ ሻንጣ ሳይከፈት ልጅቷን ተቀበለች። ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት ነው የገባችው።

ለሳምንት ያህል እንቅልፋችን የሐዋሳ ነበር። እማዬ በእነሱ ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅታ ኪዳን ስትደርስ፣ ልጅቷም ነቅታ ስታለቅስ፣ እህቴ ትንሽ ተኛች። በዚህ ብቻ ተካካስን። እናንተ ግን በደረሳችሁ ቀን ከሰዓት በኋላ አትተኙ፣ ብርሃን ላይ ውጡ፣ እስኪመሽ ታገሱ። ሥራ፣ ፈተና ወይም ቀጠሮ ያለው ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይግባ። ወደ አገር ቤት ስትመለሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰውነት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ለመልመድ ይዘገያል።

እኔ ብቻዬን ቀድሜ ተመለስኩ። መመለሻው የትም ሳያርፍ ቀጥታ ነበር፣ 13 ሰዓት ገደማ። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። ያ ስልክ ላይ ያየነው 13 ሰዓት በመመለሻው ላይ ነው የተገኘው። ጠዋት ቦሌ ከወረዳችሁ በኋላ ያን ዕለት እንቅልፍ እየጣላችሁ መኪና ነድታችሁ ሐዋሳ ልግባ አትበሉ። ሌላ ሰው ይንዳ፣ ወይም አዲስ አበባ እረፉ።

እማዬ ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ብቻዋን ነው የመጣችው። ዊልቸሩን እህቴ አስመዘገበች። አንገቷ ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ፓስፖርቷንና አንድ ወረቀት አደረገችላት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሥሩ እማዬ ራሷ እንድታነበው በአማርኛ ተደግሟል። ስሟ፣ የበረራ ቁጥሯ፣ እንግሊዝኛ እንደማትናገር፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ ስምና የምትወስድበት ሰዓት፣ የጾም ምግብ እንደታዘዘላት፣ ደለስ ያደረሳት ሰው ስልክ፣ ቦሌ የሚቀበላት ሰው ስልክ። ሁለቱም ስልክ ከነአገር ኮዱ ይጻፍ፣ ያለዚያ የውጭ ሰው ሊደውልበት አይችልም።